የኡስማን የቆዳ ካልሲ

አብዱልመናን ሻንጣውን እየጎተተ ኦክላንድ ወደብ አጠገብ ካለው የትራክ ማቆሚያ ሲደርስ ፈተና እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር። ጋሽ ገዛኸኝ ሃያ ዓመት ሰሜን ዳኮታ የተመላለሱ ሰው ናቸው። ተፈራርቆ የሚነዳ ጓደኛ ይፈልጋሉ፤ ግን ለብርዱ የያዘውን ልብስ ፈትሸው ካልወደዱለት ሰውየውን ወደመጣበት ይመልሱታል። ዘንድሮ ሁለት ሰው መልሰዋል። አብዱልመናን ደግሞ የትራክ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ወዲህ እሺ ያለው ሰው አላገኘም፤ ዛሬም ካልሆነ ሳን ሆዜ ተመልሶ ምግብ ማመላለሱ ነው።

ሽማግሌው ሻንጣውን ዘረገፉት።

«ይሄ ጥጥ ነው። ላብህን ጠጥቶ ያንቀጠቅጥሃል፤ ሱፍ ነው የሚለበሰው።» ጓንቱ አለፈ። ኮፍያውም አለፈ። «ጫማውስ ስንት ቁጥር ነው?»

«የእግሬ ልክ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱ ነዋ ጥፋቱ! በወፍራም ካልሲ ሲጠብቅህ ደም አይዘዋወርም። ሪተርን አድርገህ ቀይረው።»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ሚስቱ ራህመት «መጀመሪያ ጠይቀህ ግዛ» ብላው ነበር።

ከሻንጣው ሥር የላስቲክ ጆግ ወጣ። ጋሽ ገዛኸኝ አገላብጠው አዩት።

«እግርህን በቀን ስንቴ ትታጠባለህ?»

አብዱልመናን ደነገጠ። ሰውየው ክርስቲያን ናቸው፤ ነገሩ ወደ ሃይማኖት ከዞረ አበቃልኝ አለ በልቡ። «ለሶላት ነው፤ አምስቴ። ቶሎ ነው የምጨርሰው፣ አላስቆምዎትም።»

«ስለማቆም ማን ጠየቀህ? እርጥብ እግር ከዜሮ በታች ሰላሳ ላይ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?»

ወደ ትራካቸው ጋቢና ገብተው ስስ ጥቁር የቆዳ ካልሲ ይዘው ወረዱ። አብዱልመናን አፉን ከፍቶ ቀረ። ኹፍ ነው! አያቱ ደሴ ላይ ያደርጉት ነበር። እዚህ ጋቢና ውስጥ ምን ይሠራል?

«ጠዋት ውዱእ ስታደርግ እግርህን ታጥበህ ታጠልቀዋለህ። ከዚያ በኋላ እግርህን ሳትታጠብ፣ እጅህን አርጥበህ ከላዩ ማበስ ነው። ለመንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ ይፈቀዳል» አሉ፣ እንደ ሼህ ኮስተር ብለው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

«እርስዎ ይህን ከየት አወቁ?»

«ከኡስማን ጋር ዘጠኝ ዓመት ነድቼ እንዴት አላውቅ? አምና አረፈ።»

ወዲያው አዛን ተሰማ። የቀትሩ ነው። አብዱልመናን ኪሱን ዳበሰ፤ የሚጮኸው ግን የሽማግሌው ስልክ ነበር።

«ኡስማንን እንቅልፍ ወስዶት ሶላቱ እንዳያልፈው ብዬ ነበር የጫንኩት» አሉ ዝግ ብለው። «ላጠፋው አልቻልኩም። ይኸው ሲጮህ መኪናዬን ዳር አስይዤ እቆማለሁ። ለማን እንደምቆም እኔም እንጃ።»

ሰውየው አብዱልመናንን አሳዘኑት። ጫማውን አውልቆ ኹፉን እግሩ ላይ ለካው። ልክክ አለ።

ጋሽ ገዛኸኝ እግሩን ትኩር ብለው አዩ፤ ከዚያም ጆጉን አንስተው ራሳቸው ወደ ቧንቧው ሄዱ።

«ታጠብና ስገድ። ጫማህን በሁለት ቁጥር አስበልጠህ ሰኞ ጠዋት ና» አሉ ውሃውን እየቀዱ። «ጆጉንም እንዳትረሳው፤ ያስፈልገናል።»