የአባቷ ቄጤማ

ኢሊሊ መገናኛ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። ባዮም በዝናቡና በሙቀቱ የሚታወቅ ሰፊ ምድር እንደሆነ፣ ሥርዓተ ምህዳር ደግሞ በአንድ ስፍራ ውኃው፣ አፈሩና ሕያዋኑ ተሳስረው የሚኖሩበት እንደሆነ ለተማሪዎቿ ስታስረዳ ተሳስታ አታውቅም። የተሳሳተችው ለአባቷ ነው።

አቶ ኡርጌሳ ቦሌ ቡልቡላ ከአያታቸው የወረሱት ጨፌ ነበራቸው። ለቀዳም ስዑር ለምእመናን የሚታደለው የደብሩ ቄጤማ በየዓመቱ የሚታጨደው ከዚያ ነበር፤ ስእለታቸውም «ቄጤማው ከገዛ መሬቴ» የሚል ነበር። ቦታው ለአፓርታማ ተፈልጎ ከአያት ሰፈር ወዲያ ምትክ መሬት ሲሰጣቸው፣ «ቄጤማውስ?» ብለው የጠየቁት ልጃቸውን ነው።

«ዝናቡ ያው፣ ብርዱም ያው ነው፣ አባዬ። ከነሥሩ ብንተክለው ይይዛል።»

በቃሏ ተስማሙ። ወንድሟ ጉቱ በአይሱዙ አጓጓዘው፤ ክረምቱንም ለምልሞ ከረመ። በጥር ጫፉ ገረጣ። ኢሊሊ በቦቴ ውኃ አስመጣች፤ መሬቱ ጠጥቶ ዝም አለ። ያን ጊዜ ገባት። የቡልቡላውን ጨፌ በጋውን የሚያሻግረው ዝናብ ሳይሆን ከሥሩ የሚፈልቀው ምንጭ ነበር፤ በምንጩ የሚረጥበው ጥቁር ደለል፣ በደለሉ ውስጥ የሚርመሰመሱት ነፍሳት ሁሉ።

በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ቡልቡላ ሄዳ የግንባታውን መሐንዲስ አምደሚካኤልን ለመነችው።

«ጥግ ላይ የተረፈ ቄጤማ ካለ፣ ጥቂት ብቻ።»

«ከየት ይምጣ፣ እህቴ? ምንጩን በቱቦ ወደ ወንዙ መለስነው። መገናኛ የሱሉልታ ቄጤማ ሞልቶ የለም እንዴ?»

በማግስቱ፣ ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት፣ አቶ ኡርጌሳ ማጭዳቸውን ስለው በምትኩ መሬት ቢጫው ሣር ዳር ቆመው ጠበቋት።

«ኢሊሊ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ነይ እንጀምር።»

«ምኑን ነው የሚያጭዱት፣ አባዬ?» አለ ጉቱ። «የተማረ ሣር እኮ ነው፤ ዲግሪውን ተከናንቦ ተኝቷል!»

«ዝም በል! አንድ ዝናብ ይበቃዋል። እሷ ብላለች።»

ኢሊሊ አንዱን ዘለላ ነቅላ የደረቀ ሥሩን አሳየቻቸው።

«አይነሣም፣ አባዬ። ተሳስቼ ነው።»

«ዝናቡ ያው ነው አላልሽም?»

«ያው ነው።»

«ብርዱስ?»

«እሱም ያው ነው።»

«ታዲያ ምን ጐደለ?»

«ምንጩ፣ አባዬ። ከምንጩ ጋር ይኖር የነበረው ሁሉ።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። ቢቆጡ በወደደች። ማጭዱን መሬት ላይ አኖሩና ጀርባቸውን ሰጧት።

«ለአባ ገብረእዝጊ አንቺው ንገሪያቸው። እኔ ፊታቸው አልቆምም።»

ከደብሩ ስትደርስ ቅጽሩ በሰጋጅ ተጨናንቋል። በዙሪያው ሕንፃ በበቀለ ቁጥር ሰዉም በዝቷል። የደብሩ አለቃ አባ ገብረእዝጊ ከሩቅ አይተዋት ፊታቸው በራ።

«የኡርጌሳ ልጅ! እንኳን መጣሽ፤ ሰው ልልክ ነበር። ዘንድሮ ምእመኑ እጥፍ ነውና አባትሽ ከአምናው አብዝተው እንዲያጭዱልን ንገሪያቸው፣ እሺ?»

 «ቄጤማው የለም» ልትል የመጣችው ኢሊሊ ነጠላዋን ወደ ከንፈሯ አስጠግታ ጐንበስ አለች። አባ ገብረእዝጊም፣ እሺታዋን እንደተቀበሉ ሁሉ፣ ባርከዋት አለፉ።