የልብስ አጣቢዋ ልጅ

ጦሩ ከተማዋን ከያዘ ወዲህ የትምህርት ቤቱ መመገቢያ አዳራሽ የወታደር ልብስ ማጠቢያ ሆኖ ነበር። አጣቢዋ እዚያ መቀጠሯ ሲሰማ ሰፈሩ ስሟን ረስቶ «የሻምበሉ አጣቢ» ይላት ጀመር። ሰው ስም ለማውጣት መቼም ሰንፎ አያውቅም። ሱቅ ስትገባ ወሬው ይቆማል፤ ስትወጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ሰላምታዋን የሚመልስላት ስታጣ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ምን ታድርግ፣ ሆድ ይፍጀው ነው።

እውነቱን የሚያውቀው በጓሮ በር ሳሙና የሚያቀርበው ነጋዴ ብቻ ነበር። ልብስ ከባለቤቱ የባሰ ወሬኛ ነው። ሱሪዎቹ ቀይ ጭቃ ይዘው ከመጡ ወታደሮቹ ከወንዙ ማዶ ከርመዋል ማለት ነው። ወፍራሞቹ ካፖርቶች በጥድፊያ ይታጠቡ ከተባለ ደግሞ ወደ ተራራው ሊወጡ ነው። አጣቢዋ ይህን ሁሉ በጭንቅላቷ ይዛ ሳሙና ስትረከብ ሹክ ትለዋለች፤ እሱም ተራራው ላይ ላሉት አርበኞች ያደርሳል። ከከበባ ያመለጡ ሰዎች ነበሩ፣ ማን እንዳስመለጣቸው ግን አያውቁም።

መከራው ያለው ቤቷ ውስጥ ነበር። አንዲት ልጅ አለቻት፤ ጉርምስና ያልለቀቃት፣ አባቷን ጦሩ በገባ ሰሞን የገደሉባት። እናቷ የገዳዮቹን ልብስ ማጠቧን ስትሰማ መጀመሪያ አኮረፈች። ቀጥላ በዚያ ደመወዝ የተገዛ እህል በአፌ አይዞርም አለች። አንድ ጠዋት እናቷ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«እማ፣ የአባዬ ደም ያለበት ልብስ ቢመጣልሽም ታጥቢዋለሽ?»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሳሙና ነጋዴው ግን አስጠንቅቋታል፤ ያወቀ ሰው ሲገረፍ ይናገራል፣ ልጅሽን ከወደድሻት አትንገሪያት ብሏታል። እናም ሥራ ሥራ ነው ብላት ወጣች። ከሥራ ስትመለስ ልጅቷ የለችም፤ ልብሶቿም የሉም።

ከጊዜ በኋላ ነጋዴው ልጅሽ እኛው ጋ ናት፣ ደህና ናት ብሎ አንሾካሾከላት። ደስ አላት፣ ፈራች፣ ኮራች፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣባት። ስለ እኔ ምን ትላለች ብላ ልትጠይቀው አስባ መልሱን ፈርታ ተወችው።

ዝናቡ ባቆመ ሰሞን የጦሩ አዛዥ ሻምበሉ አስጠራት። እጇን በሽርጧ አደራርቃ ገባች። ሻምበሉ ለማንም የማይራራ ሰው ነው፤ የሸሚዙን ኮሌታ እንደ እሷ የሚያጠራለት ስለሌለ ግን ለእሷ ብቻ ፊቱ ይፈታል። አስተርጓሚው ከጎኑ ቆሟል። ክፍሉ መሃል እጇን ታስራ የቆመችው ልጇ ነበረች።

አስተርጓሚው ነገሩን አስረዳት። ልጅቷ መታወቂያ ሳይኖራት ድልድዩ አጠገብ ተይዛለች፤ አንድ ዘበኛ ድሮ በአጣቢዋ በር ያያት መስሎታል። የኔ ናት የሚል ሰው ከሌላት ሽፍታ ናት፣ ሽፍታ ደግሞ ይረሸናል። ልጅሽ ከሆነች ግን ውሰጃት፤ አንቺም ከዛሬ ወዲያ እዚህ ግቢ ድርሽ እንዳትዪ ይላል ሻምበሉ፤ ልጇ በድልድይ ሥር የምታደባ ሴት ልብሱን እንድትነካ አይፈልግም።

አጣቢዋ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደችም። ተራራውም፣ ካፖርቱም፣ ሳሙና ነጋዴውም ገደል ይግቡ።

«ልጄ ናት» አለች።

ሻምበሉ ወደ ልጅቷ ዞረ። ልጅቷ እናቷን ከእግር እስከ ራሷ፣ ቀስ ብላ አየቻት።

«አላውቃትም። የኔ እናት የናንተን እድፍ አታጥብም።»

«ሚጡዬ፣ ተይ እንጂ። ተናደሽ ነው። ነይ ቤታችን እንሂድ።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ፤ እናቷ ይህን ብትላት ይበቃ ነበር። ግን አስተርጓሚው ጆሮውን ቀስሮ ቆሟል፤ ቃሉ ከአፏ ከወጣ ሁለቱም አንድ ግድግዳ ሥር ይቆማሉ። ሻምበሉ ሳቀ። ሆደ ቡቡ ነሽ፣ የያዝነውን ሽፍታ ሁሉ ልጄ ልትዪ ነው፣ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ አላት። አጣቢዋ ወደ ማጠቢያው ተመለሰች።

በማግስቱ ከግቢው ጀርባ ተኩስ ሲሰማ እጇ ሳሙና ውሃ ውስጥ ነበር። አላወጣችውም። አውጥታስ ምን ልታደርግበት?

ማልቀስ እንኳ አልተፈቀደላትም። ለማታውቃት ሽፍታ የምታለቅስ አጣቢ ምን ትባላለች? ሰፈሩ ግን ወሬው ደርሶት ልጇን አስበላች አለ። እሷም ልብስ እያሸች ከሟቿ ጋር ትጣላ ነበር። ምናለ እናቴ ናት ብትዪ? ጥላቻሽ ከነፍስሽ በለጠብሽ? ቁጣው ከራቃት ሐዘኑ እንደሚጥላት ታውቃለችና አጥብቃ ያዘችው፤ ሳሙና በመጣ ቁጥርም የሰማችውን መንገሯን አላቋረጠችም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሳሙና ነጋዴው ለመጀመሪያ ጊዜ በፊት ለፊቱ በር መጣ። ስለ ሽልማት ጀመረ፤ አቋረጠችው።

«ስለ እኔ ምን ትል ነበር?»

ነጋዴው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ነግሬያት ነበር፣ እህቴ። ከመያዟ ጥቂት ቀደም ብሎ። ተራራ ላይ ያሉት ልጆች ማጠቢያውን እናቃጥል ሲሉ እኔ ልሂድ ያለችው እሷ ናት። ምን ላድርግ፣ እናትሽ ከእኛ ናት አልኳት።»

«ታውቅ ነበር?»

«አለቀሰች። ከዚያ እናቴ ከዚያ ቤት ከወጣች ዕውር ሆንን ማለት ነው አለች። ሌላ አልተናገረችም።»

ያን ቀን ልጇ ያየቻት በንቀት አልነበረም ለካ፤ እየተሰናበተቻት ነበር። «እናቴ ናት» ብትል ቤቷ ትገባ ነበር። ያላለችው እናቷ ከልብስ ማጠቢያው እንዳትባረር ነው።

«ብትጠላኝ ይሻለኝ ነበር» አለች።

ያን ሁሉ ጊዜ ያፈነችው ለቅሶ አሁን አመለጣት፤ ጮኻ አለቀሰች። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ልጇን ያስበላች ሴት ናትና ማንም አልመጣም።