የዊንች ሦስት ወር

ታናሽ ወንድሜን ሠፈሩ ሁሉ «ዊንች» ነው የሚለው። ፍሪጅ ብቻውን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ያዩት ሰዎች በዕቃ ማንሻው ማሽን ያወጡለት ስም ነው። እኔ ታላቁ ነኝ፤ በጉልበት ባልችለውም በምላስ እበልጠዋለሁ። የምንኖረው የሰው የቤት ዕቃ እያጓጓዝን ነው። በሥራችን ደግሞ አንድ የማይረባ ሕግ አለ፤ ጉንፋን በላብ ይወጣል ይባላል።

ኢንፍሉዌንዛ ጥሎት ሦስት ቀን ከተኛ በኋላ፣ ትኩሳቱ ገና ሳይለቀው «ደረቴን ወጋ ወጋ ያደርገኛል» አለኝ።

«ተነስ ባክህ፣ አራስ መሰልክ እኮ። ሁለት ቁም ሣጥን ብትሸከም ይለቅሃል» አልኩት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ቁም ሣጥኑን እኔ ከላይ፣ እሱ ከታች ይዘን ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ልቤ ዝም ብሎ ይሮጣል» አለኝ። ዕቃውን ደረጃው ላይ ትተን ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

«ቫይረሱ የልቡን ጡንቻ አስቆጥቶታል» አለች ሐኪሟ። «ይድናል። ግን ቢያንስ ሦስት ወር ከባድ ነገር እንዳያነሳ፤ ልቡ ሳያገግም ከለፋ ድንገት ሊቆም ይችላል።»

«ሥራ ያስወጣሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«እንግዲያው አንተው አሳርፈው።»

ማሳረፉ ከሸክም ባሰ። ከሐኪም ቤት በወጣ በሳምንቱ የጋዝ ሲሊንደር ሲያነሳ ያዝኩት።

«ባዶ ነው እኮ» አለኝ።

«ባዶስ ያንተ ጭንቅላት ነው» ብዬ ቀማሁት። የሥራ ጓንቱን ደበቅኩበት፤ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ምሳ እየበላን ሳለ አቀርቅሮ፣ «እንደ ድሮው ባልሆንስ? ምን እሆናለሁ?» አለ።

ጠቅልዬ አጎረስኩት።

«ወንድሜ ትሆናለህ» አልኩት።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ሐኪሟ ደግማ መረመረችው። ልቡ አገግሟል። በቀላል ዕቃ እንዲጀምር፣ ደረቱን ከወጋው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው እንዲያቆም ነገረችው።

በመጀመሪያው ቀን አንድ አንድ ወንበር ይዘን ስንወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሱን አስቀመጠ።

«አልወጋኝም፤ ደክሞኝ ነው። ትንሽ ልረፍ» አለ። ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

የዕቃው ባለቤት ከላይ ሆኖ፣ «ምነው፣ ወንበር አይደለም እንዴ?» አለ።

የእኔንም ወንበር አወረድኩና ከጎኑ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«እኔም ደክሞኛል» አልኩ። አልደከመኝም ነበር።