ጭራቁ የሰማው ክራንች

ታናሽ እህቷ ምዕራፉን አንብባ እስክትጨርስ የደራሲዋ ልብ ተሰቅሎ ቆየ። ጭራቅ የምትገጥመዋን ባለ ክራንች አስማተኛ የፈጠረቻት ይህችኑ እህቷን እያየች ነው፤ እህቷ "ውሸት ነው" ካለች መጽሐፉ እሳት ይገባል።

"እትዬ፣" አለች ታናሺቱ፣ "በአንድ እጇ ሰይፍ፣ በሌላው ችቦ ይዛለች። ክራንቿን በጥርሷ ነክሳ ነው?"

ደራሲዋ በሃፍረት አንገቷን ደፋች።

"ደግሞ ዋሻው ውስጥ ተደበቀች ትያለሽ። እኔ መደበቅ የሚባል ነገር አላውቅም። ገና ከወንበር ስነሳ ክራንቼ ቋ ይላል፤ የት እንዳለሁ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ጭራቁም ይስማታ።"

ደራሲዋ ሰይፉንም ችቦውንም ሰረዘችና እየጻፈች ጮክ ብላ ታነብላት ጀመር። በጨለማው ዋሻ ውስጥ ክራንቹ ቋ አለ። ጭራቁ ማሽተቱን ትቶ ጆሮውን አቆመ። አስማተኛዋ ትንፋሿን ውጣ ክራንቿን ወደ ሩቁ ጥግ ወረወረችው፤ ጭራቁ ድምፁን ተከትሎ ሲሮጥ፣ እሷ በደረቷ እየተሳበች ወደ መውጫው አመራች። ከኋላዋ እንጨቱ ሲሰበር ተሰማት።

ታናሺቱ ሳታስበው ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ክራንቿን ጭብጥ አደረገች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"እውነት ነው፣" አለች። "አሁን ሌላ ክራንች ሳትሰጫት ከዚያ ወንበር እንዳትነሺ።"