የሙሂዲን ጁምዓ

በአርብ ገበያ ከተማ ሙስሊም ነጋዴ ሆኖ መኖር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዝንብ ሲያባርር የከረመ ሱቅ ገበያተኛ የሚጎርፍለት አርብ ቀን ነው፤ ጁምዓ የሚሰገደውም አርብ፣ ያውም ገበያው በደራበት ሰዓት። ብርድ ልብስ ሻጩ ሙሂዲን ታዲያ ይህ አልበቃው ብሎ በራሱ ላይ ሌላ መከራ ጨመረ። ረመዷን ሲወጣ፣ "ከእንግዲህ ስሰግድ ከአላህ በቀር ምንም አላስብም" ብሎ ቃል ገባ።

ማለቱስ ቀላል ነበር። ሚስቱ ቀመሪያ ሱቁን ትጠብቅለታለች፤ እሱ ታጥቦ ውዱእ አድርጎ መስጊድ ይሄዳል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንዲሉ፣ ገና "አላሁ አክበር" ከማለቱ ልቡ ተመልሶ ሱቅ ይገባል። ቀመሪያ ሆደ ቡቡ ናት፤ የለመናት ገበሬ ሁሉ አስቀንሷት ይሄዳል። ይህን እያሰበ ይሰግዳል፤ ማሰቡ ያናድደዋል፤ ሲናደድ ሰላቱ ያልቅበታል።

ባለፈው አርብ ግን ጉድ ፈላ። በሰላቱ ማብቂያ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ፣ "አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ" አለ። ወደ ግራ ሲያዞር ከጎኑ የተቀመጡትን አዛውንቱን ሼህ ሰዲቅን አየና፣ ያውም አንቱ ሳይል፣ "ቁርጡን ነግሬሃለሁ፣ አልቀንስም!" አላቸው።

ወጣቶቹ ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑ። ሼሁ እንኳ ጺማቸውን ይዘው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሙሂዲን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ዛሬም አርብ ነው። አዛን ተባለ፤ ሙሂዲን ከባንኮኒው አልተነሳም።

"አትሄድም እንዴ?" አለችው ቀመሪያ።

"አልሄድም። ልቤ እስኪጠራ ድረስ አልሰግድም። አላህ ፊት ቆሜ ስንት ጊዜ ልዋሽ?"

ቀመሪያ ብርድ ልብስ ማጠፏን ተወች። "እስኪጠራ? እኔስ ጠርተህ ነው ያገባሁህ? ይህን ሁሉ ዘመን ከነቁጣህ፣ ከነጭቅጭቅህ ይዤሃለሁ። ወድጄህም ነው። አሁን አላህ ከቀመሪያ ያነሰ ትዕግሥት አለው ልትለኝ ነው?"

ሙሂዲን ከባንኮኒው ተነሳ። እውነቷን መሆኑ ይበልጥ አበሳጨው። እያጉረመረመ ውዱእ አደረገና እየሮጠ መስጊድ ደረሰ። ሼህ ሰዲቅ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

ሱጁድ ወረደ። ግንባሩ ምንጣፉን እንደነካ ውጭ አህያ አናፋ፤ የሙሂዲን ልብም ከአህያው ጋር ገበያ ወጣ። የአህያው ጌታ ጭነቱን ሸጦ ይሆን? አሁን ሱቅ ሱቁን እየዞረ ይሆን? "አይ የእኔ ነገር!" ብሎ ጥርሱን ነከሰ። ተነስቶ ሊወጣ፣ ነገሩን ሁሉ እርግፍ አድርጎ ሊተወው ቃጣው። እንባው መጣ። ከዚያ በልቡ፣ "ያ ረብ፣ ይኸው ነኝ" አለ። "ከዚህ የተሻለ ሙሂዲን የለኝም፤ ይህንኑ ይዤልህ መጣሁ።"

አህያው እንደገና አናፋ። ሙሂዲን እንደገና ተናደደ፤ ግንባሩን ግን ኢማሙ "አላሁ አክበር" እስኪሉ ድረስ አላነሳም።