መነጽር የማትሸጠዋ

ስህተቱ የታየው ጋዜጣው ወጥቶ ሰው እጅ ከገባ በኋላ ነው። «ሰፊ ቤት ይከራያል» መባል የነበረበት ማስታወቂያ «ሰፊ ሴት ይከራያል» ብሎ ወጣ፤ ከሥሩ የባለቤቲቱ ስልክ ቁጥር አለ። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ የማታውቀው ወንድ ሁሉ ሲደውልላት ዋለና በማግስቱ መጥታ ማተሚያ ቤቱን በጩኸት አናወጠችው። እውነቷን ነው። ቤቴን ላከራይ ያለ ሰው ስሙን አብሮ አላከራየም።

አራሚዋ አንገቷን ደፍታ ሰማች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት ስትለቅም የኖረች ሴት ናት፤ «ቤ» አናቷ ጠፍጣፋ፣ «ሴ» አናቷ ሹል መሆኑን በእንቅልፍ ልቧ እንኳ ትለያለች። ያን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብባዋለች። ሁለቴም ያየችው «ቤት» የሚል ነበር።

«ላስቀይምዎት አልፈልግም» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ሊያስቀይም ሲል እንደሚለው። «ግን እስከ አርብ ዓይንዎ ጤነኛ ነው የሚል ወረቀት ካላመጡ ወንበሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። ውል ወደገባንበት መነጽር ቤት ይሂዱ።»

መነጽር ቤቱን ታውቀዋለች። ሦስት ዓመት በተከታታይ ተመላልሳበታለች፣ ሦስቴም አዲስ መነጽር ተሸክማ ወጥታለች። የሚመረምረውም የሚሸጠውም አንድ ሰው ነው፤ ከሳሹም ዳኛውም እሱ።

«እናቴ፣ መጀመሪያ በግራው ብቻ» ብሎ ቀኝ ዓይኗን ሸፈነላት።

«ሀ፣ መ፣ ረ፣ ቀ…» ብላ ጀመረች።

«ኧረ ቆይ እንጂ እናቴ! ሰሌዳውን መች አበራሁትና!»

ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ ስታነብ ሳይሆን ስትደግም ኖራለች። ፊደል አንዴ ካየች አትረሳም፤ እንጀራዋ ነው። ያው ሰሌዳ፣ ያው ረድፍ፣ እንደ ዳዊት ወርዶላታል።

«ሰሌዳውን ቀይርልኝ፣ በቃሌ ይዤዋለሁ» አለችው።

«ሌላ የለንም። ደግሞ ምን ችግር አለው? ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ የእርስዎ ዓይን ከእኔ ይሻላል!» ሳቀና ወረቀቱ ላይ «ጤነኛ» ብሎ ጻፈ። ማኅተሙን ደለቀበት። ቀጥሎ የመነጽር ፍሬሞች የተደረደሩበትን ሳጥን ሳበ።

«ጤነኛ ከሆንኩ መነጽሩ ምን ያደርግልኛል?»

«ለመከላከያ ነዋ፣ እናቴ።»

ደሟ ፈላ። ወረቀቷን ይዛ ወጣች።

ውጭ ታናሽ ወንድሟ የማተሚያ ቤቱን መኪና አስነስቶ ይጠብቃታል። ጋዜጣውን ከከተማ ከተማ የሚያደርሰው እሱ ነው።

«ተገላገልሽ በቃ፣ እታለም» አላት ማኅተሙን አይቶ። «እኔም ለሹፌርነቴ የዓይን ወረቀት ባለፈው ወር ያወጣሁት ከሱ ነው። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።»

«እሱ እኮ ነው የሚያንገበግበኝ!»

«አንቺ ደግሞ ነገር ትወጃለሽ።»

ትወዳለች። በማግስቱ ለብቻዋ ወጥታ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዋ የነገረቻትን የዓይን መርማሪ ፈለገች። ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የማንም ተቀጣሪ ያልሆነች ወጣት ሴት አገኘች። ግድግዳው ባዶ ነው።

«መነጽሮቹ የት አሉ?»

«አልሸጥም፣ እትዬ። ካስፈለገዎት ቁጥሩን እጽፍልዎታለሁ፣ የፈለጉበት ያሠሩታል።»

ምርመራው ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ። ፊደላቱ ቃል አይሠሩም፣ በየጊዜውም ይቀያየራሉ፤ የሚደገም ነገር አልነበረም። ጠብታ አደረገችላት፣ የዓይኗን ግፊት ለካች፣ በመብራት ውስጡን አየች። በመጨረሻ ጭንቅላቷን አንድ ነጭ ጎድጓዳ መሣሪያ ውስጥ አስገብታ፣ ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር አዝራር እንድትጫን አዘዘቻት። በግራው ዓይን ጊዜ አራሚዋ ብዙ ጠበቀች።

«መብራት ጠፋ እንዴ?»

«አልጠፋም፣ እትዬ» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እየበራ ነው።»

ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ ሳታድበሰብስ ነገረቻት። ግላኮማ ነው፣ የዓይንን ነርቭ ሳያሳምም ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ። የግራ ዓይኗ ነርቭ ክፉኛ ተጎድቷል፣ የቀኙም ጀምሯል። ዓይኗ ያላየውን አእምሮዋ ከሚያውቀው እየቀዳ ይሞላዋል፤ ለዚህ ነው «ሴት» የተጻፈውን «ቤት» ያለችው። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በሕክምና ማቆየት ይቻላል።

«ከሦስት ዓመት በፊት ቢታይ ኖሮስ?»

ልጅቷ ለማጽናናት ብላ አልዋሸችም። «ብዙው ይተርፍ ነበር። ወንድም ወይም እህት አለዎት? በዘር ስለሚተላለፍ እነሱም መታየት አለባቸው።»

«ወንድም አለኝ» አለች አራሚዋ። «ሹፌር ነው።»

ደረጃውን በንዴት ወረደች። በበሽታው አልተናደደችም፤ በሽታ ማንንም አያማክርም። ያናደዳት ዓይኗ እየሞተ ሳለ ፍሬም ሲያስመርጣት የከረመው ሰውዬ ነው። ደግሞም ራሷ፣ በመስታወት ፊት ቆማ «ይሄኛው ያምርብኛል?» ስትል የኖረችው።

አርብ ጠዋት የመነጽር ቤቱንም ልጅቷ የጻፈችላትንም ወረቀት ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ሰውየው አንብቦ የልጅቷን ወረቀት በሁለት ጣቱ ወደ እሷ መለሰላት።

«ይሄኛውን እኔም አላየሁትም፣ እርስዎም አላሳዩኝም። ማኅተም ያለበት ይበቃናል። ወንበርዎ ላይ ይቀመጡ።»

«ይሄማ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው!»

«ውል ነው፣ እትዬ። ሌላውን ካመጡብኝ እኮ ወንበሩን ሊያጡ ነው!»

«ልጣ!» ብላ ጮኸችበት። «ያሳለፍኩት አንድ ስህተት ይበቃኛል፣ አውቄ ሁለተኛ አላሳልፍም!»

ከፊቱ እስክሪብቶውን አነሳች። ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ላይ «ጤነኛ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዛ ከጎኑ «አልታየም» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄዳ የሹፌሮቹን ፋይል አወረደች፣ የወንድሟን ወረቀት ፈልጋ አወጣች። እሱም ላይ ሰርዛ «አልታየም» ብላ ጻፈች።

«ምን እየሠሩ ነው? ጋዜጣው ተጭኖ ቆሟል፣ ሊወጣ ነው!»

«ሌላ ሹፌር ይፈልጉ።»

ግቢው ውስጥ ወንድሟ ሞተሩን አስነስቶ ክንዱን በመስኮት አውጥቷል። በሩን ከፈተችና እጇን አስገብታ ሞተሩን አጠፋች። ቁልፉን ነቀለችው።

«ምን ሆነሻል፣ እታለም? ረፍዶብኛል እኮ!»

«ውረድ» አለችው። «መነጽር ወደማትሸጠዋ ሐኪም በእግራችን ነው የምንሄደው።»