ከአልጋው በኋላ የተሠራው

"ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ! ጋሼ፣ ለእኛ ሊሸጡልን ነው እንዴ ያመጡት?" አለ የውዳቂ ብረት መጋዘኑ መዛኝ በከር፣ እየሳቀ።

ጂራታ አልሳቀም። ቤት አድርጎ የሠራው ሚኒባስ ባዶውን ነው የተመዘነው። ሊብሬውን ገልጦ አየ፤ መኪናው ከነጭነቱ ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ማለፍ የለበትም።

"ሁለት መቶ ይቀረኛል። የውሃው በርሜል ሲሞላ መቶ፣ የጋዝ ሲሊንደሩና ስንቁ ሃምሳ..."

"ሰውስ?"

"ሰውም ይቆጠራል?"

"ጎማ ምን ዘመድ ያውቃል፣ ጋሼ!"

እሱ ራሱ፣ ሚስቱ እንዳለች፣ ሁለቱ እህቶቿ። ውሃውም ስንቁም ቢቀር አይበቃም።

ጂራታ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ የታወቀ በር ሠሪ ነው፤ የእሱ በር ሲዘጋ ሰፈር ይሰማል። ሚኒባሱን የገዛው ለአማቱ ነበር። ወገባቸውን ስለሚያማቸው ከአምቦ ማዶ ተኝተው እንዲመጡበት፣ እነሱ የሚኖሩበት አራተኛ ፎቅ መውጣት ስለማይችሉም ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ እንዲያድሩበት። አልጋው ቶሎ አለቀ። እሱ ግን የላሜራ ቁም ሳጥን ጨመረ፤ ጣሪያው ላይ የጓዝ መጫኛ ፖርቶመጋላ፣ ከኋላ አበባ ያለው የብረት መሰላል። እንዳለች "አልጋው ካለቀ እንሂድ እንጂ" ባለችው ቁጥር "እንዲህ ሆኖማ ሰው ምን ይለኛል!" ይላት ነበር። አምና በሰኔ አሮጊቷ አረፉ። አሁን የሚሄዱት ለሙት ዓመታቸው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ ጂራታም ያውቀዋል፣ ያንገበግበዋልም።

ልደታ ኮንዶሚኒየሙ ሲደርስ እንዳለች ጓዙን ደረጃው ሥር ደርድራ ትጠብቀው ነበር።

"ሚዛኑ ምን አለ?"

"ከብዷል። አራታችንን አይችልም።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "የእናቴ አልጋ ይውረድ ልትለኝ ነው?"

"አልጋው ምኑ ይከብዳል! አንቺም ብቻሽን ታነሺዋለሽ።" ወደ መሰላሉ ጠቆመ። "የከበደው ከአልጋው በኋላ የሠራሁት ነው። እሱን ስጨምር፣ ስጨምር ነው እማማ ያመለጡን።"

እንዳለች ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

ጂራታ የብረት መቁረጫውን አወጣና ገመዱን ደረጃው ሥር ካለው ሶኬት ሰካ። ጎረቤቶች ከየበረንዳው ብቅ ብቅ አሉ።

"ቀለሙ ይላላጣል እኮ" አለች እንዳለች ቀስ ብላ። "ሰው ምን ይላል?"

"ያሻውን ይበል" አለና መቁረጫውን የመሰላሉ አበባ ላይ አሳረፈው።